ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት

ሙንዮንዮ፣ ካምፓላ
መጋቢት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኃይለልዑል
ጁባ

ጥፋተኛው አንተ ነህ፣ ኃይለልዑል ልጄ። ከዚህ ነው የምጀምረው። ገንዘቤ ያስተማረችኝ ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ነበር። ትናንት ልትጠይቀኝ መጥታ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና «አንቺ ቦጋለች፣ መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂው እንጂ!» አለችኝ። «ጤናውንማ አውቀዋለሁ፤ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ደህና ነው» አልኳት።

ገንዘቤን አታውቃትም። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ አሮጊቶችን ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ሲመጣልኝ የማነበው በሰው ዓይን፣ የምመልሰውም በሰው እጅ ነበር። ይህንን ግን በሰው እጅ ላስጽፈው አልቻልኩም። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ድምፅህን ስሰማ እሸነፋለሁ። ይህን ታውቃለህ፤ አውቀህም ነው በድምፅ የምትልክልኝ። ስለዚህ በስድሳ ሁለት ዓመቴ ተማርኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። በየማለዳው፣ ልጅህ ምስጢር ከእንቅልፏ ሳትነሳ፣ አንድ ገጽ። ጣቶቼ እስኪያብጡ። ማንም አልተማረልኝም። ደብዳቤውን ሾፌሩ የሺዋስ ያመጣልሃል፤ ዓርብ ዕቃ ጭኖ ወደ ጁባ ይወጣል።

መልእክትህ የደረሰኝ እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «እማዬ፣ ሠላሳ አምስት ቀን ሆነኝ፤ ጠብታ አልቀመስኩም። ለሔሊና ንገሪልኝ። ለፋሲካ ልምጣና ምስጢርን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ትስጠኝ። አንቺ ከነገርሻት እሺ ትላለች።» ከኋላህ ጀነሬተር ይጮሃል። ድምፅህ ግን ጥርት ያለ ነው። በሁዳዴ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

እስቲ ያለፉትን ሁዳዴዎች አስታውስ። በ2015 ሔሊና ልጃችሁን ይዛ ከቤት ወጥታ ነበር። ጾሙ ሲገባ ጠርሙሱን አስቀመጥክ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስክም፤ ስግደትህን ሰገድክ፤ ፊትህ ተመለሰ። እኔም ሔሊና ዘንድ ሄጄ «ሰካራም ቢሆን ሃምሳ አምስት ቀን እንዴት ራሱን ይገዛል? ሰካራም እኮ ለእግዜርም አይታዘዝ!» ብዬ መለስኳት። ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ የመሥሪያ ቤትህ በር ላይ ተኝተህ ተገኘህ። በ2016 እንደገና ወጣች። እንደገና ሁዳዴ ገባ፤ እኔም እንደገና ሄድኩ። ያን ጊዜ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

«እማማ፣ እሱ እኮ እየጾመ አይደለም። እየጠበቀ ነው» አለችኝ።

ተቆጣኋት። የልጄን ጾም የምትመዝኚ አንቺ ማን ነሽ አልኳት። ለኔ ስትል ተመለሰች።

ልክ ነበረች። ሃምሳ አምስቱን ቀን ራስህን የያዝከው አንተ አልነበርክም። ደወሉ ነው የያዘህ፤ ቄሱ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ነው። የሚፈታበትን ቀን ባታውቀው ኖሮ ሳምንት አትዘልቅም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን አለ። ረቡዕ አይጾምበት፣ ዓርብ አይጾምበት። አትብላ፣ አትጠጣ የሚልህ አንድም ሰው የለም። ሰው ለራሱ «አይሆንም» ማለቱ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። አንተ በሃምሳ አምስቱ ቅዱስ ነህ፤ በሃምሳው ትሞታለህ። በየዓመቱ እኔ የቆጠርኩት ሃምሳ አምስቱን ብቻ ነበር።

ስንቱን ስወነጅል ኖሬአለሁ! አባትህን፤ ደሙ ነው አልኩ። ሔሊናን፤ ደመወዟ ከደመወዙ በልጦ አሳነሰችው አልኩ። ካምፓላን፤ ዋራጊ የሚሉት አረቄ እንደ ማስቲካ በየኪዮስኩ የሚሸጥበት አገር ምን ሰው ያደርጋል አልኩ። ከእነዚህ አንዱም አፍህን ፈልቅቆ አላፈሰሰብህም።

አንዲት ሴት ግን አለች። እስከ ዛሬ ስሟን አላነሳሁም፤ አንተም አላነሳህም።

ያለፈው ፋሲካ እኩለ ቀን ላይ ሔሊና ምስጢርን ልብስ ልትቀይርላት መኝታ ቤት ገብታ ነበር። ማዕዱ ላይ አንተና እኔ ብቻ ነበርን። ጠጁን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የማሲንዲ ማር አስመጥቼ። ብርጭቆህን ሳብ አድርጌ ልቀዳልህ ስል በመዳፍህ ከደንከው።

«እማዬ፣ ዘንድሮ ይቅርብኝ» አልክ።

«ምን ሆነህ?»

«እንዲያው ልቀጥልበት ብዬ ነው። ሥጋውን እበላለሁ። ይሄ ብቻ ይቅር።»

«በፋሲካ? ቤቱን ልቅሶ ቤት ልታስመስለው?»

«ተይኝ እማዬ።»

«አሃ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል! ቆይ ልጥራልሃ። እመቤት ሔሊና፣ ባልሽ አንዲት ብርጭቆ ይፈቀድለት ወይ ልበልልህ?»

ሳቅኩ። አንተም እያፈርክ ሳቅክ። እጅህን ከብርጭቆው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጣት በጣት አላቅቄ። ከዚያ ቀዳሁልህ። በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዝዝህ ራስህን ልትገዛ የሞከርክባት ቀን ነበረች፤ እኔ አጠፋኋት።

የመጀመሪያውን እኔ ቀዳሁ። ሁለተኛውን ግን ራስህ ቀዳህ። ሦስተኛውንም፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም ራስህ። ሔሊና ሌሊቱን ሙሉ ቅዳሴ ቆማ ስላደረች ምሳ እንደበላች እንቅልፍ ጣላት። አሥር ሰዓት ላይ፣ ለምስጢር ጀልባ አሳይሻለሁ ብለህ ቃል ገብተህ ነበርና፣ የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረድክ። ቁልፉን ማንም አልሰጠህም። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩላችሁ። ወደ ፖርት ቤል ወደብ በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ነበር። አንተ ግንባርህን ተጫርክ። የልጅቷ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሔሊና ፊት ለፊቴ መጥታ «ማን ነው የቀዳለት?» አለች።

«ራሱ» አልኳት።

አጠገቤ ነበርክ። ሰምተሃል። አንገትህን ደፋህ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ ለማንም አልተናገርክም። ሰክረህ እንኳ አልተናገርክም። ሔሊናም አንተን አባርራ እኔን አስቀረችኝ። «እርስዎ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ትራስ አመቻችታልኝ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ ሰጥታኝ፣ ለሰው ሁሉ «የኔዋ እናት» እያለች አስተዋውቃኝ ኖርኩ። ዝም ያልክልኝ ደግነት መስሎህ ይሆናል። አንተ ዝም ስትል እኔ እዚህ እንጀራዋን እየበላሁ ነበር።

ስለ ምስጢር ልንገርህ። ግራ እግሯ በሁለት ጣት አጥሯል። ሶሉ የወፈረ ጫማ ታደርጋለች። ሐኪሟ ትሄዳለች እንጂ እንደ ልጅ አትሮጥም ብላለች። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ምንጣፉ ላይ ተጋድማ እግሯን ሠላሳ ጊዜ ታነሳለች። የምትቆጥረው በሉጋንዳ ነው፤ ኤሙ፣ ቢሪ፣ ሳቱ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እንባዋ ይመጣል፤ ድምፅ ግን አታሰማም። እኔም አላስችለኝ እያለ ከሃያ በኋላ ተረከዟን በእጄ ደግፌ አነሳላት ነበር። ባለፈው ሳምንት እጄን ገፋችው።

«ጃጃ፣ ተዪው» አለችኝ። እንደዚህ አገር ልጆች አያቷን ጃጃ ነው የምትለኝ አሁን። «አንቺ ያነሳሽው አይቆጠርም።»

«ማን ያይሻል? ሐኪሟ የለች።»

«እኔ አያለሁ።»

ሰባት ዓመቷ ነው። እንደገና ከአንድ ጀመረች። እኔ ያነሳሁላትን ሁሉ ሰርዛ ከአንድ ጀመረች። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ፤ የምይዘው ነገር አጥቼ የሙዝ ቅጠል ስቀድ ቆየሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተረከዝህን ይዤ ሳነሳልህ ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት ስትቀር ታሞ ነው አልኩ። ሥራ ስትቀር ታሞ ነው አልኩ። አንተም እግርህ የራስህ አልመስልህ ብሎ ቀረ።

እሑድ ያንተ መልእክት መጣ። ሰኞ ሔሊና ከሥራ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት።

«ያን ቀን የመጀመሪያውን የቀዳሁለት እኔ ነኝ። እጁን ከብርጭቆው ላይ አንስቼ።»

በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። «አልፈልግም ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«እና እኔ ዓመት ሙሉ . . .» አልጨረሰችውም። ማግስቱን ጠዋት ሻይ ቀድታ ሰጠችኝና፣ ፊቴን ሳታይ፣ «እስከ ፋሲካ ይቆዩ፤ ለልጅቷ ድንገት እንዳይሆንባት። ከዚያ በኋላ ግን፣ እማማ፣ እርስዎን እያየሁ እዚህ ቤት መኖር አልችልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገንዘቤ ክፍሌን አካፍልሻለሁ ብላኛለች። አልጋዋ አንድ ናት፤ እሷ ደግሞ ታንኮራፋለች። ምስጢርን በሳምንት አንድ ቀን ያሳዩኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

እውነቱን ሰምታለች፣ እንግዲህ ትመልሰኛለች ብለህ እንዳትነሳ። ስለ አንተ የተናገረችው አንዲት ነገር ናት፤ «ቁልፉንስ ማን አወረደው?» አለች። መልሱ የኔ አይደለም።

የኔን በመናገሬ ዕዳዬን የጨረስኩ እንዳይመስልህ። የልጅቷ እግር አይረዝምም። አንተም ዛሬ ብታቆም፣ ነገም ብታቆም፣ ዕድሜህን ሙሉ ብታቆም አይረዝምም። ስለዚህ ካቆምክ ለሔሊና ብለህ፣ ቤቴን ልመልስ ብለህ አታቁም፤ የሚመለስ ነገር የለም። ምንም ሳይመለስልህ ማቆም ከቻልክ አቁም።

ለፋሲካ አትምጣ። ልጅቷን ማየት ከፈለግህ ሃምሳው ቀን ይለፍና የጰራቅሊጦስ ዕለት ለሔሊና ራስህ ደውል። ስንት ቀን እንደሆነህ አትንገራት። ያን ቀን የሆነውን ከብርጭቆው እስከ መንገዱ በራስህ አፍ ንገራት። ስልኩን ልትዘጋብህ ትችላለች። ብትዘጋም ሳትጠጣ እደር። እውነቱን ከፈለግህ፣ የምትደውል አይመስለኝም። ልረግምህ አይደለም። ካንተ ጋር ብዙ ፋሲካ ስላሳለፍኩ ነው።

በየሺዋስ ሁለት ከናቴራና የእግር ቅባት ልኬልሃለሁ። የጁባ ውሃ መጥፎ ነው ይላል፤ አፍልተህ ጠጣ። ጾሙን ስትፈታ ሥጋው እንዳይከብድህ ቀስ እያልክ ብላ። ደወል በማይደወልበት ቀን የሚነቃ ልብ አምላክ ይስጥህ። እኔ ልሰጥህ አልቻልኩም፤ የነበረህንም ነጠቅሁህ። ከእጄ ያላገኘኸውን ከሱ አግኝ።

እወድሃለሁ ብዬ መጻፍ ገንዘቤ አላስተማረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሔሊና ዛሬ ማለዳ ምን መለሱለት ብላኛለች። ይህንኑ አነበብኩላት። አንተም ከኔው ስማው፤ ከእንግዲህ ለማንም፣ ስለ ምንም፣ ዋስ አልሆንህም።

እናትህ
ቦጋለች