የጎረቤቴን አዲስ ኮምፒውተር በእኔ ራም ላዳኑት ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የአይቲ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናን፣ ለቢሮዎም የማይቋረጥ መብራትን እመኛለሁ። እኔ፣ ሁለተኛ ፎቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የመማሪያ መጻሕፍትን ገጽ የማቀናብረው ሴት፣ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ደግነትዎ እኔ ዘንድ ብቻ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ለሁለት ሠራተኞች አንድ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ተቀጥራ ጎኔ ለምትቀመጠው ለሽፋን ሠሪዋ ስለሰጡ አመሰግናለሁ። እርግጥ ነው፣ ሽፋን ይታያል፤ ውስጡን ማን ያየዋል? የስክሪኗ ብርሃን እስከ እኔ ጠረጴዛ ድረስ እየደረሰ ዓይኔን ሲያቀላው ሰነበተ።

ሁለተኛ፣ ያ ውብ ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው ሰማያዊ እየሆነ ድርግም ማለት ሲጀምር፣ እውነቱን ልናገርና፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደስታዬን ግን አላስጨረሱኝም። የእኔ ሲንቀራፈፍ «አጥፍተሽ አብሪው» የሚሉኝ ባለሙያዎችዎ የእርሷን እንደ ሕመምተኛ ከበቡት። ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫኑ፤ ያው ሆነ። ድራይቨር የሚሉትን ፕሮግራም ቀያየሩ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ አብሮት የመጣው አዲሱ ራም፣ ማለትም ሚሞሪው፣ ቢሆንስ ብለው ሲጠረጥሩ፣ ለመፈተኛ የሚሆን ደህና ራም ከየት ተገኘ? ከእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ!

ሦስተኛውን ምስጋና በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም። የእርሷ የእኔን ራም እንደጎረሰ ዳነ። ጥፋተኛው አዲሱ ራም መሆኑ ተረጋገጠ፤ እርስዎም ያንኑ የተረጋገጠ ብልሽት «ለጊዜው ነው፣ እህቴ» ብለው የእኔ ላይ አሰኩት። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊው ስክሪን የግሌ ነው። ትናንት የሒሳብ መጽሐፉን የክፍልፋይ ምዕራፍ ከነሥዕሉ ይዞብኝ ጠፋ። መጽሐፉ በማግስቱ ወደ ማተሚያው የሚገባ ነበር። ስደውልልዎ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ።

አራተኛም ቅሬታ አለኝ፤ እርሱ ግን እርስዎን አይመለከትም። ሽፋን ሠሪዋ ፊቴን አየችና፣ «ነይ እዚህ ጨርሺ፤ እኔ ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ» ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ምዕራፉን እንደገና ሠርቼ አደረስኩት። የእርስዎን በደል መቻል አላቃተኝም፤ የእርሷን ደግነት እንዴት እንደምችለው ግን እስካሁን አላወቅሁም። ክፉ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት?

ስለዚህ ራሜን እንዲመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለእርሷም፣ እያመመኝም ቢሆን እላለሁ፣ ደህና ይግዙላት።

ለሰጡኝ ብቻ ሳይሆን ለወሰዱብኝም ጭምር ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የሁለተኛው ፎቅ ገጽ አቀናባሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የጻፍኩት በእርሷ ኮምፒውተር ነው። አንዴ እንኳ ድርግም ይል እንደሆነ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ እምቢ አለኝ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ባለሙያዎችዎ ለሰው ሲሠሩ ያውቁበታል።