ድምፅ ይቅደም

ጥቅምት 6
ዛሬም ያው የኔትወርክ ቅሬታ። ሐሙስ ትልቅ ግጥሚያ አለ፣ ከተማው ሁሉ በስልኩ ሊያይ ነው። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ስማ፣ ኳሱ ከተቆራረጠ አንተንም እኔንም በልተው ነው የሚያድሩት" አለኝ። የኢንተርኔት መስመሩ ለሁሉም አይበቃም። ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የምለው እኔ ነኝ። ጻፍኩ፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ኳስ፣ መጨረሻ የቪዲዮ ጥሪ ምስል። ምስሉ ቢቆም ምን ይሆናል? ድምፁ አለ፣ ሰው ይግባባል። አስር ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም።

ጥቅምት 9
ኳሱ አንዴም ሳይቆም አለቀ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንበሳ!" አለኝ። እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ጥቅምት 10
እማዬ ደወለች። "እህትህ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።"
ትናንት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት፣ በቪዲዮ። ታናሽ እህቴ አትሰማም፤ የምታወራው በእጇ ነው። እጇን እያየ ለቀጣሪዎቹ የሚተረጉም ሰው ነበረ። ገና ስትጀምር ምስሏ ቆመ። እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ... ሰውዬው ምኑን ይተርጉም? ሦስቴ ሞከሩ። ከዚያ "እናመሰግናለን" የሚል መልእክት መጣላት። በቃ።
"ስንት ሰዓት ላይ?"
"አስር ሰዓት ላይ። አንተ መቼም ታውቀዋለህ፣ ምን ሆኖ ነው?"
ክው አልኩ። ኳሱ የተጀመረው አስር ሰዓት ላይ ነው።
"ኔትወርክ... አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል" አልኳት። እናቴን ዋሸሁ። አፈር ልብላ!
እህቴ ስሜን የምትጠራው ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርጋ ነው። ልጅ ሆነን፣ ሱቅም ትምህርት ቤትም የምሰማላት እኔ ነበርኩ። ድምፁ አለ ብዬ ጻፍኩ... ለማን ነው ያለው?

ጥቅምት 13
ሁሉም ምሳ ሲወጡ የእህቴን መስመር ብቻ ነጥዬ ከኳሱም አስቀደምኩት። ለማንም አልተነፈስኩም። ልቤ ያርፋል ብዬ ነበር። የት አባቱ!

ጥቅምት 15
ቤቷ ሄድኩ። በእጄ "እኔ ነኝ" አልኳት።
"ምኑ?"
"ምስልሽን ያስቆምኩት።"
ነገርኳት። ጣቶቼ ሁለቴ ተሳሳቱ። ጆሮዋን ቆንጥጣ አየችኝ፤ አንተ? አንተ ራስህ? ማለቷ ነው። ደስ ይላታል ብዬ የመስመሯን ነገር ጨመርኩላት። ባሰባት።
"ለዚህ ነው ሰሞኑን ስንደዋወል የጓደኞቼ ምስል ብቻ የሚቆመው! እነሱስ? በእጁ የሚያወራው እኔ ብቻ ነኝ?"
ስለ እነሱ አላሰብኩም ነበር። አንዴም። ይቅርታ ልላት እጄን ሳነሳ ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ዓይኗን ከጨፈነች ወሬው አለቀ። ምን ብዬ ልጥራት?

ጥቅምት 16
አለቃዬ ጋ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ የደበቅኩትንም።
"በድብቅ? ለእህትህ?"
"አዎ።"
"እንደሷ ያሉ ስንት ናቸው?"
"አላውቅም። ጠይቀን አናውቅማ።"
"ኳሱ ቢደበዝዝስ?"
"ይደብዝዝ። ስድቡን እኔ ልቀበል።"
ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ ይገባኛል። የእሷን ልዩ መስመር አነሳሁ። የሁሉም ሰው የቪዲዮ ጥሪ ከኳሱ ይቅደም ብዬ የጻፍኩት ላይም አለቃዬ ፈረመ።

ጥቅምት 20
ሌላ ግጥሚያ። ኳሱ ደበዘዘ። አርባ ሦስት ቅሬታ። አንዱ "ኳሷን ያያችሁ ንገሩን" ብሏል። ሳቄ መጣ።
ጨዋታው መሀል ላይ ስልኬ በራ። እህቴ፣ በቪዲዮ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አለችኝ። ከዚያ ወረደችብኝ። ራስ ወዳድ። ፈሪ። እማዬን የዋሸ። እጇ አንዴም አልቆመም፤ ጣቶቿ ይቆጠሩ ነበር። እስክትጨርስ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።
ልትዘጋ ስትል ስሜን ጠራች። ጆሮዋን አልቆነጠጠችም። በጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈችው፣ የማታውቀውን ሰው ስም እንደምትጽፈው።
ሁሉም ፊደል ደረሰኝ።