ግራጫው ወይስ ጥቁሩ

ነሐሴ 14

መጀመሪያ ግልጽ መሆን ያለበት፦ ላፕቶፑ ለእኔ አይደለም። ለትንቢት ነው። ልጄ የሕንፃ ስዕል ትሠራለች። አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ሥራውን በኢንተርኔት ይልክላታል፤ እሷ እዚህ አሰላ፣ ሳሎናችን ውስጥ ሠርታ ትመልሳለች። ያላት ማሽን አርጅቷል። ማሽኑ ከሞተ ሥራው እዚህ የለም። ሥራው ከሌለ እሷም እዚህ የለችም። ነገሩ ይኸው ነው።

የሚገዛው አጎቷ አሰግድ ነው፣ ዱባይ ያለው የባለቤቴ የሸዋዬ ታናሽ ወንድም። ትናንት ደወለ።

"ጋሽ ገብሬ፣ እርስዎ ይምረጡ። ጥሩ የሚባለውን። ለመስቀል ስመጣ ይዤው እመጣለሁ።"

"ለምን ራሷን አትጠይቃትም?"

"ጠይቄያት ነበር። 'አባዬ ሳያጣራው እኛ ቤት ምን ይገዛል' አለችኝ።"

እውነቷን ነው። የሒሳብ መምህር ቤት ነው ያደገችው... እሺ። አጣራለሁ።

ነሐሴ 18

ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ከታየ ሰነበተ። ጉልበቴን አሞኛል።

ከብዙዎቹ ሁለት ለየሁ። ስማቸው የፊደልና የቁጥር ክምር ስለሆነ በቀለማቸው ጠራኋቸው። ግራጫው ቀላል ነው። አይሞቅም፣ አይጮህም፣ ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ይዘልቃል። ግን ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ በኋላ ልጨምር ቢሉ አይቻልም። ጥቁሩ ጉልበተኛ ነው። ስዕሉን ፎቶ የሚያስመስለውን ሥራ፣ እሷ ሬንደር የምትለውን፣ በግማሽ ጊዜ ይጨርሳል። ሜሞሪ ይጨመርለታል። ከሶኬት ሲነቀል ግን ይደክማል። ባትሪው ከምሳ አያልፍም። ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። ለባትሪ ትልቁን ክብደት ሰጠሁ። መብራት እንዲህ በሚጠፋበት ከተማ ሌላ ምን ይቀድማል? ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሄዶ መጣ።

ሸዋዬ ከኋላዬ ቆማ ሠንጠረዡን አየችው።

"እኔን ስትመርጥ እንዲህ አጣርተህ ነበር?"

"ያኔ ተወዳዳሪ አልነበረሽም።"

"እንኳንም አልነበረኝ። እስካሁን ሳላገባ እጠብቅህ ነበር።"

ነሐሴ 26

በዛብህ ጋ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ይጠግናል። ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል።

"ቲቸር፣ ግራጫውን ከገዙ ወደ እኔ አያምጡብኝ።"

"ለምን?"

"ብሎኑን የምፈታበት መፍቻ እንኳ የለኝም። ጥቁሩን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ።"

"ዓይንህን ጨፍነህ የሠራኸውን ፈተና አስታውሳለሁ።"

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሱም ሳቀ። "እሱን እንኳ በዓይኔ ነው የሠራሁት፣ ግን የጎረቤቴን ወረቀት እያየሁ" አለ።

ለጥገና ለጥቁሩ ነጥብ ጨመርኩ። ልዩነቱ ጠበበ። አሁንም ግራጫው ይመራል፣ በትንሹ። በዚህ ልዩነት አንዱን ተማሪ አሳልፎ ሌላውን መጣል አይቻልም... ማሽንም።

ጳጉሜን 2

አዲስ ወሬ። የግራጫው አዲሱ ሞዴል በጥቅምት ይወጣል። የስዕል አቅሙ ብዙ ይጨምራል ተባለ። እውነት ከሆነ የጥቁሩ ብልጫ እዚያ ላይ ያልቃል። ጥያቄው ይዘጋል።

ስንት ቪዲዮ አየሁ። ተናጋሪዎቹ ይቸኩላሉ፣ አንዱ ሌላውን ይጠቅሳል፣ በእጁ የያዘው ግን የለም። ዓይኔ ደከመ። ደጋግሜ አየሁት።

ሳስተምር የክፍሉ የፈተና ወረቀት በሙሉ ሳይሰበሰብ አንድም ወረቀት አርሜ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን ስታርም እጅህ ይጠብቃል ወይ ይላላል፤ መለኪያው የሚታወቀው ሁሉም ሲገባ ነው። ይኼኛውም ወረቀት ገና አልገባም። እጠብቃለሁ።

ለትንቢት ነገርኳት።

"አባዬ፣ ያለውም እኮ ይበቃኛል።"

"ሊበቃሽ ይችላል። በወሩ የተሻለ ቢመጣስ?"

"በወሩ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ይወራል።"

መልሴን አልጠበቀችም፤ ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ወደ ሥራዋ ዞረች። ማሽኗን ከኋላ በሁለት ቆርኪ ከፍ አድርጋዋለች፣ አየር እንዲያገኝ። ማራገቢያው እህል እንደሚፈጭ ይጮሃል።

ጳጉሜን 3

ለአሰግድ ደወልኩ። ላፕቶፑን ለመስቀል እንዳትይዘው አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ከዚያ በኋላ እኔ መቼ እንደምመጣ አላውቅም። የሚያመጣው ሰው ነው የምናፈላልገው።"

"እርግጠኛ ነኝ።"

መስከረም 19

አሰግድ መጥቶ ሄደ። ለሸዋዬ ሽቶ፣ ለእኔ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለትንቢት ጫማ። የትንቢትን ማሽን በእጁ ዳበሰው። "ይሄ ነገር እንቁላል ይጠብሳል እኮ" አላት። ሳቀችለት። ሸዋዬ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማውን አየሁ።

መስከረም 27

ዛሬም መብራት የለም። ትንቢት ማሽኗን ተሸክማ ፈይሩዛ ጋ ሄደች። ጎረቤታችን ናት፣ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት፣ ጀነሬተር አላት። ልወስዳት ስሄድ ፈይሩዛ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ባርሲሳ፣ ልጅቷን ለእኔ ይተዉልኝ። እኔ ቤት መብራት አለ።"

መምህር ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። ከልጅነቷ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

"ትበላብሻለች" አልኳት።

"ወላሂ ምንም አትበላም። ቀኑን ሙሉ አፏን ሳትከፍት ነው የዋለችው። የምታዋራው ሰው የላትም እንዴ?"

ምን ልበል? ከእኛ ጋር ታወራለች አልኩ። ታወራለች? ... ስትጠየቅ ትመልሳለች።

ጥቅምት 6

ሞተ።

ከሰዓት በኋላ ነው። የጤና ጣቢያ ስዕል ይዛ ነበር፣ ሰኞ የሚረከቡት። አንድ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ። ስክሪኑ ጨለመ። ትንቢት አልጮኸችም። እጇን ከላዩ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

በዛብህ ጋ ወሰድነው። ከፍቶ አየው። "ቲቸር፣ ቦርዱ ነው። አለቀለት። ፋይሉን ግን አወጣላታለሁ።" ዛሬ አልቀለደም።

ለቢሮው ደወለች። እዚሁ ነይና ሥሪ፣ ማሽን አለ አሏት። ለሁለት ሳምንት። ጓደኛዋ አይናለም ቤት ታርፋለች።

በመስቀል ይዘኸው ና ብዬ ቢሆን...

ጥቅምት 7

ሸኘኋት። እስከ አዳማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ቦርሳዋ ቀላል ነው፤ ማሽኑ የለበትማ።

"አዲሱ ሲወጣ ደውልልኝ፣ እሺ አባዬ?"

ልትነካኝ ብላ አይደለም። ከልቧ ነው ያለችው። እሱ ነው የከበደኝ።

ጥቅምት 13

ሳሎኑ ሰፊ ሆኗል። ሸዋዬ የትንቢትን ጠረጴዛ ወደ ጥግ እንግፋው አለች። ይቆይ አልኩ።

ጥቅምት 20

ወጣ። እንደተባለው ነው። የስዕል አቅሙ ጨምሯል፣ ባትሪውም ረዝሟል። ሁሉም ወረቀት ገባ። ደመርኩ። ግራጫው ያለ ጥርጥር አንደኛ ነው። እንደገና ደመርኩ። ያው ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ። ደወልኩላት። ከኋላዋ ሰው ይስቃል፣ ወንበር ይንኳኳል።

"አባዬ፣ ስብሰባ ልንገባ ነው። እደውላለሁ።"

አልደወለችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ጥቅምት 22

ደወለች። ስለ ግራጫው ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፦

"ጎበዝ አባዬ። በደንብ ነው ያጣራኸው። አንድ ነገር ግን አለ። እዚህ ሁሉም የሚሠሩበት ፕሮግራም ግራጫው ላይ አይሠራም። ቤት ሳለሁ ለብቻዬ ስለሆንኩ በራሴው ፕሮግራም ነበር የምሠራው። እዚህ ግን አንድ ስዕል ላይ አብረን ነው የምንሠራው።"

"ሁለት ሳምንቱ እኮ አለቀ።"

"አውቃለሁ። ቋሚ እንድሆን ይፈልጋሉ። እየተነጋገርን ነው።"

"አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ እንጃ። ማሽኑ ባይሞት አልመጣም ነበር። ከመጣሁ በኋላ ደግሞ... ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው አለ፣ አባዬ። ትናንት አንድ የደረጃ ስዕል አበላሽቼ ነበር፤ አንዷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አብረን አስተካከልነው።"

አጠገቤ ተቀመጠች አለች። ዕድሜዬን በሙሉ ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ ደረጃ በደረጃ አርሜያለሁ። ልጄ ሳሎኔ ውስጥ የሚያርማት አጥታ እንደኖረች አላየሁም። አባዬ ስዕል አያውቅም ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም ስለ ባትሪ እንጂ ስለ ሌላ አልጠየቅኋት።

ጥቅምት 28

ስንዴው ደርሷል። ኮምባይነሮች በአስፋልቱ እየተንጓጉ ያልፋሉ፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

ሠንጠረዡን እንደገና ሠራሁ። መብራት የሚጠፋበትን መስመር ሰረዝኩ። የበዛብህንም ሰረዝኩ፤ አዲስ አበባ ሁለቱንም የሚጠግን አለ። የቢሮውን ፕሮግራም ጨመርኩ። ጥቁሩ አንደኛ ወጣ። በሰፊ ልዩነት።

ስሌቱ በሁለቱም ጊዜ ትክክል ነው። ጥያቄው ውስጥ አሰላን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ማንም አልሰጠኝም። የተሰጠ ነው ብዬ ጀመርኩ...

ለሸዋዬ ነገርኳት።

"ግራጫውን ካስገዛሁ ተመለሺ ማለቴ ነው። ጥቁሩን ካስገዛሁ ቅሪ ማለቴ ነው።"

"አንተ ደግሞ። ልጅቷን አትጠይቃትም?"

"ጠየቅኋት። እኔ እንጃ አለች።"

"አንተ በስልክ ስትጠይቅ ማን አውቃለሁ ይልሃል? ሰሌዳ ፊት ያቆምከን ነው የሚመስለን። ጻፍላት። ስትጽፍ ትለሰልሳለህ።"

"አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?"

የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። "እኔማ እንድትመጣ ነው የምፈልገው። ይኼ ደግሞ ይጠየቃል?"

ጥቅምት 30

አሰግድ ደወለ። ሰው ተገኝቷል። ዙቤዳ የምትባል የሥራ ባልደረባው ሐሙስ ወደ አገር ቤት ትበራለች።

"ጋሼ፣ እንግዲህ አንዱን ይበሉኝ።"

ግራጫው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብል ማን ይከሰኛል? አንደኛ ወጥቶ ነበር፣ የፊተኛው ሠንጠረዥ አለ፣ ሁሉም ያምነኛል። ማሽኑ ከመጣ ደግሞ እምቢ አትልም። የአጎቷን ስጦታ አትመልስም፣ የእኔንም ልፋት ታያለች... ትመጣለች። ጠረጴዛዋ እንዳለ ነው። ከዚያስ? ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ትቀመጣለች፣ ስትጠየቅ ትመልሳለች።

"እስከ ማክሰኞ ታገሰኝ" አልኩት።

"ደግሞ ሌላ ሞዴል ሊወጣ ነው እንዴ?"

"የለም። ከእንግዲህ የምጠብቀው ሞዴል የለም።"

ኅዳር 1

ጠዋት ተቀምጬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ነበር፣ ሁለተኛው ለቅሶ፣ ሦስተኛው ሁለቱም። ለሸዋዬ አራተኛውን አነበብኩላት። "ይሄን ላከው" አለች። ፈይሩዛ ሱቅ ሄጄ በቴሌግራም ላክሁት፤ ቤት ኔትወርክ አልነበረም። ምን እንዳልኳት እንዳልረሳ እዚህ ገለበጥኩት።

"ትንቢት፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላለች።

ሐሙስ አንዲት ሴት ከዱባይ ትመጣለች፣ ላፕቶፑን እሷ ናት የምትይዘው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ይህን አጣርቻለሁ፣ እመኚኝ። አሰላ ሆነሽ የምትሠሪ ከሆነ አዲሱ ግራጫ ይሻልሻል። ቢሮ ሆነሽ የምትሠሪ ከሆነ ጥቁሩ። የት ሆነሽ ብትሠሪ እንደሚሻል ግን እኔ ነጥብ መስጠት አልችልም፤ የእኔ ትምህርት አይደለም።

ጥቁሩን ብትይ አይከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም። ይከፋኛል። እናትሽም ይከፋታል። ያም ሆኖ እሱኑ አስገዛልሻለሁ፤ አዲስ አበባ ድረስም ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ የተቀመጥሽበትንም ወንበር አያለሁ። ግራጫውን ብትይ ደግሞ ለአባቴ ብዬ ነው እንዳትይ። ለእኔ ብለሽ የመረጥሽው ማሽን ለአንቺ አይበረክትም።

ማብራሪያ አልፈልግም። ለአንድ ጊዜ ያለ ማብራሪያ እቀበላለሁ። ግራጫ ወይም ጥቁር፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። አሰግድ ነገ ማታ ይጠብቀኛል። እባክሽ ልጄ፣ ከዚያ በፊት መልሽልኝ።"