የሁለተኛው ቀን መልሳቸው ሳይሰማ ስላረፉት ስለ ፓንዲት ጊሪጃናንድ ጃ

በሕንድ አገር የዳርባንጋ የሥነ ሙግት ጉባኤ ቤት፣ በተማሪነትና በመምህርነት ሃምሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት ሊቁ ፓንዲት ጊሪጃናንድ ጃ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለመምህራኑ፣ ለተማሪዎቹና ለከተማው ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን ያሳውቃል። ሐዘናችን ከኀፍረት ጋር ነው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ተገልጿል።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ጉባኤ ቤታችን ገቡ። ከ1974 ጀምሮ የሙግትን ሥርዓት አስተማሩ። ምስጥ ከጀመራቸው የዘንባባ ቅጠል መጻሕፍታችን አንድ መቶ አሥራ ሁለቱን በእጃቸው ገልብጠው አድነዋል። ዛሬ በዚህ ቤት የሚያስተምሩ ሁሉ፣ ይህን የሚፈርሙትም ጭምር፣ የእርሳቸው ተማሪዎች ናቸው።

በ2009 ፕሮፌሰር ኢንግሪት ሆልትማን የተባሉ የውጭ አገር ተመራማሪ ስለ እናት አምላካችን ስለ ካሊ አምልኮ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የአምላኪውን ፍቅር፣ ሕፃን እናቱን ከመፍራቱ የመነጨ ሕመም አድርጎ ይተረጉማል። አገሩ በቁጣ ነደደ። በዚህ ቤትም ብዙዎቻችን ሳናነበው ተቆጣን። ፓንዲት ጊሪጃናንድ ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ስህተት ነው፤ ግን የሰነፍ ስህተት አይደለም። በጩኸት አይረታም” አሉን። ጉባኤ እንዲጠራ የጠየቁትም እርሳቸው ናቸው።

የጉባኤያችን ሥርዓት ጥንታዊ ነው። ሊረታ የተነሣ ሊቅ በመጀመሪያው ቀን የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ ቢሰማ “አዎ፣ የኔው ነው” እስኪል ድረስ አሳምሮ ያቀርባል። በሁለተኛው ቀን ያፈርሰዋል። የመጀመሪያውን ያላሟላ፣ ለሁለተኛው አይፈቀድለትም።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2012 ፓንዲቱ የመጀመሪያውን ቀን ንግግር ሦስት ሰዓት ሙሉ አቀረቡ። ከመሃሉ የተቆረጠ አርባ ሰከንድ፣ እርሳቸው ገና ሳይጨርሱ በየስልኩ ተሰራጨ። ከግቢው ሲወጡ የጠበቋቸው ሰዎች “ጌታው ፓንዲት፣ ቪዛው ደረሰልህ ወይ? እናቱን የሚሰድብ የፈረንጅ ቡችላ!” እያሉ ፊታቸውን ጥቀርሻ ቀቧቸው፤ ግራ ጆሯቸውንም መትተው አደነቆሩት። ጋዜጦች “ግርግር ተነሣ” ብለው ጻፉ። ግርግር አልነበረም። ሃያ የሚሆኑ ጎረምሶች አንድ የስድሳ ስድስት ዓመት መምህር ደበደቡ።

በማግስቱ ጆሯቸውን በጨርቅ አስረው፣ የመልሱን ወረቀት በእጃቸው ይዘው በሰዓታቸው መጡ። በሩን ቆልፈነው ነበር። በሳምንቱ የአስተዳደር ቦርዱ በሙሉ ድምፅ አሰናበታቸው። ጎረምሶቹ ሥርዓቱን አላወቁም ይባል ይሆናል። እኛ እናውቅ ነበር፤ ከእርሳቸው ነው የተማርነው።

ፕሮፌሰሯ ንግግሩን አንብበው፣ ሐሳባቸውን ከራሳቸው ይልቅ ፓንዲቱ አጥርተው እንዳቀረቡት በዚያው ዓመት ጻፉልን። መልሱም እንዲላክላቸው ጠየቁ። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንላቸውም።

የዕረፍታቸው ዜና በደረሰን ዕለት ቦርዱ የ2012ን ውሳኔ ሻረ። በሐዘኑ አሥራ ሦስተኛ ቀን የሁለተኛው ቀን መልስ በጉባኤው ፊት እንዲነበብም ወሰነ። በማግስቱ ዋና ጸሐፊው ወረቀቱን ሊቀበሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኩሙድ ዴቪ በረንዳው ላይ ሆነው የሰጡት ምላሽ እንዲህ የሚል ነው፦

“ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ‘ዛሬ ይልኩብኛል’ እያሉ በየማለዳው እዚችው ቁጭ ይሉ ነበር። ምነው ትናንት እንኳ ብትመጡ? ደረታቸው ላይ አስሬ አስከሬናቸው ወደሚቃጠልበት ሸኘሁት። እሳቱ አንብቦታል።”

ስለዚህ በመዝገብ ቤታችን የቀረው የመጀመሪያው ቀን ንግግር ብቻ ነው። በስማቸው ይታተማል። ለመጽሐፉ ግን መልስ የለንም። መልስ የነበራቸውን ሰው ሃይማኖታችንን እናስከብራለን ባዮች መቱ፤ እኛ ደግሞ በር ዘጋንባቸው። መጽሐፉ በአራተኛ እትም እየተሸጠ ነው።

ለወይዘሮ ኩሙድ ዴቪና ለልጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ ከእኛ እጅ ባይቀበሉትም አይፈረድባቸውም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጉባኤው በሰዓቱ ይሰየማል። የተናጋሪው ምንጣፍ ይነጠፋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም አይናገርም። በሩ ክፍት ይሆናል።

የአስተዳደር ቦርዱ
የዳርባንጋ የሥነ ሙግት ጉባኤ ቤት