የጋሼ ዘይት

ጥቅምት 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ወንድሜ ለማሙሽ (ጢም አብቅለህም ይህ ስም አልለቀቀህም)፣

እንደምን ከርመሃል? አዲሱ ቤት ተመቸህ? እኛ ደህና ነን። እማዬን ያመማት ጉልበቷን ነው እንጂ አፏን አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ቀስቅሳኝ «ዛሬም አልደወለም» ትለኛለች።

ባለፈው ስትደውል «አንቺና ጋሼ ምን ሆናችሁ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ወሬ የቀየርኩብህ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ልንገርህ።

ዘይት ሲጣራ ከመጠን በላይ ከሞቀ፣ ውስጡ የቀረው ክሎሪን ከቅባቱ ጋር ተዋህዶ ኩላሊት የሚጎዳ በካይ ይፈጥራል። ላቦራቶሪያችን የየማጣሪያውን ዘይት ለዚህ እንዲመረምር ታዘዘ፤ የመመርመሪያ ዘዴውን መምረጥ እኔ ላይ ወደቀ። አንደኛው ዘዴ ፈጣን ነው፤ ጠዋት የገባ ናሙና ከሰዓት ውጤቱ ይወጣል። ሌላው ማደር አለበት፣ ኬሚካሉም እንደ ልብ አይገኝም። አለቃችን ፈጣኑን ወደደና ከገበያ በተገዙ ዘይቶች ሞከርነው። ከተፈቀደው ልክ ያለፈው አንድ ብቻ ሆነ፤ ከታላቅ ወንድማችን ከጋሼ ማጣሪያ የወጣው።

ጋሼ እንደሰማ ቤት ድረስ መጣ። «ልጆቼ የሚበሉትን ነው እኮ የምሸጠው! መርዝ ነው ትዪኛለሽ?» አለኝ።

እኔንም አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። ፈጣኑ ዘዴ መጨረሻ ላይ የጨው ውሃ ይጨመርበታል፤ ጨው ደግሞ ራሱ ክሎሪን አለው። በሞቀ ዘይት ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ከጨዉ ጋር ሲገናኝ፣ የምንፈልገው በካይ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ይወለዳል። እኛው ፈጥረን እኛው እንለካዋለን ማለት ነው።

ይህን በስብሰባ ስናገር አለቃችን መነጽሩን አወለቀና «ወንድምሽ ባይሆን ጨዉ ትዝ ይልሽ ነበር?» አለኝ። ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያይ ጀመር። ፊቴ እሳት ሆነ። ላንተ ምን እደብቅሃለሁ፣ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር።

«እንግዲያው እኔ እጄን አላስገባም» አልኩ። ቀልደኛው የሥራ ባልደረባዬ የማን ዘይት እንደሆነ ሳያውቅ ሁሉንም በሁለቱም ዘዴ እንዲሠራቸው ተስማማን። ሆን ተብሎ የታወቀ መጠን በካይ የተጨመረበት ንጹሕ ዘይትም አብሮ ተሰጠው።

እንዳልኩት ሆነ። ፈጣኑ ዘዴ የተጣሩትን ዘይቶች ሁሉ ውጤት ያጋንናል። በገበታ ጨው ፈንታ ክሎሪን የሌለበት ሌላ ዓይነት ጨው የሚጠቀመው ዘገምተኛው ግን የተጨመረውን ልክ በልኩ አወጣው። አለቃችን ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ዘዴውን ግን አጸደቀ።

የጋሼ ዘይትስ? ቁጥሩ ወረደ። በጣም ወረደ። ከተፈቀደው ልክ በታች ግን አልደረሰም።

ባልደረባዬ ውጤቱን አስቀመጠልኝና አንዲት ቀልድ ሳይቀልድ ወጣ። ማጣሪያው ይቁም በሚለው ትእዛዝ ላይ የምርመራው ኃላፊ ስለሆንኩ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ «ሌላ ሰው ቢፈርም ምን ነበረበት?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቤት አልመጣም።

ዘይቱ ከመሞቁ በፊት በውሃ ይታጠብ፣ ሙቀቱም ይቀነስ ብዬ በሚስቱ በኩል ላክሁበት። ይስማ አይስማ አላወቅሁም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ናሙና ይዞ ራሱ መጣ። በመቀበያው መስኮት አየኝና «ውጤቱን መቼ ያደርሱልኛል?» አለኝ። ያደርሱልኛል! አዝሎ ያሳደገኝ ሰው! እኔም ግራ ገብቶኝ «ከነገ ወዲያ ይምጡ» አልኩት።

ዘይቱ አለፈ፤ ያውም ከልኩ ብዙ ዝቅ ብሎ። ማጣሪያው ተከፍቷል፣ ሠራተኞቹም ተመልሰዋል። ውጤቱን ሊወስድ የመጣው ግን ሾፌሩ ነው።

እማዬን «ጋሼ የማይመጣው ሥራ በዝቶበት ነው» ብያታለሁ፤ አንተም እንደዚያው በላት። ለእሱ ስትደውል የእኔን ነገር አታንሳበት፣ ላስታርቅ እንዳትል። ድምፁ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ።

ዘይት ድሮ እሱ ነበር የሚያመጣልን። አሁን ከሱቅ እገዛለሁ፤ ሌላ ዓይነት ሲሰጡኝ እመልስና የእሱን እጠይቃለሁ።

ጤናህን አያጓድልብኝ፤ በሄድክበት ሁሉ ቀና ሰው ይግጠምህ።

እህትህ