የጠየቅኸኝ የጠመንጃው ዋጋ

መርሳ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ናዝሬት ላለኸው ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ጎረቤትህ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። እምዬ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ከጎረቤት ትጣላለች፣ ሳይመሽ ትታረቃለች። ማሽላው ጉልበት ደርሷል። ዝንጀሮው ግን ጠባቂ እንደሌለው አውቆ ከጠዋት ጀምሮ እርሻው ዳር ተቀምጦ ይውላል።

ይህን ሁሉ በስልክ ብትጠይቀኝ በስልክ እነግርህ ነበር። አንተ ግን ባለፈው ስትደውል ከሃሎ ቀጥለህ የጠየቅኸኝ «ያ የአባባ ጠመንጃ አለ አይደል?» ብለህ ነው። እምዬ አለች ወይ አላልከኝም። ደብዳቤ መጻፌም ለዚሁ ነው። ስልክ ላይ ነገር ሲከብድብህ «ኔትወርክ ተቆራረጠ» ትለኛለህ፤ ወረቀት አይቆራረጥምና እስቲ ሱቅህን ለአንድ ሰው አደራ ስጥና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያልከኝን መልሼ ልንገርህ፣ ኋላ እንዲህ አልወጣኝም እንዳትል። አንድ ደንበኛህ ሆቴል ሠርቷል። ግድግዳው ላይ የጥንት ጋሻና ጠመንጃ ሊሰቅል ይፈልጋል። የእኛ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ የቤልጅግ ሥራ ስለሆነ ደህና ያወጣል። ይተኩስ አይተኩስ ሰውየው ግድ የለውም፣ ለጌጥ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ፈልጊና አስገምቺው፣ ለሦስት እንካፈላለን አልከኝ። ለሦስት ስትል አንተ፣ እኔና እምዬ ማለትህ ነው። ድሮ ለሦስት ስንባባል አንተ፣ እኔና አበባው ነበርን። ወንድማችን አፈር ከገባ ገና ዓመት ሳይሞላው ሒሳቡን እንዲህ በቶሎ ማስተካከልህ አንጀቴን አሳረረው።

ደግሞስ ጠመንጃው የማን ነው? ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የአባባ ተዝካር በወጣ ማግስት ሽማግሌዎቹ ደጃችን ላይ ተቀምጠው ንብረቱን ሲያካፍሉን እኔ ላሟን ከነጥጃዋ ወሰድኩ፤ ለሴት ልጅ ይኸም ብዙ ነው ተባለ። የቀረው መርሳ አስፋልት ዳር ያለው ቤት ነበር፤ እሱን አንተና አበባው እኩል ልትካፈሉ ነው ሲባል ተነሥተህ ገባህና ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርደህ በሁለት እጅህ ይዘኸው ወጣህ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ዛሬ ከሀብሩ እስከ ወልድያ አይገኝም፣ ቢሸጥ ያን ቤት ይገዛል አልክ። በታላቅነቴ የሚገባው ለእኔ ነበር፣ ግን ለወንድሜ ስል ለቅቄለታለሁ፣ እሱ ጠመንጃውን እኔ ቤቱን እንውሰድ አልክ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለመሆኑ ይሠራል ወይ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁህ «የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ እንደ አዲስ ነው» ብለህ ማልክ። አበባው ያን ቀን የሆነውን መሆን እኔ ነኝ የማውቀው። ሰርግ የተደገሰለት ነበር የሚመስለው። ቤቱን ፈርሞ ለቀቀልህ፤ አንተም ሸጠኸው ናዝሬት የመለዋወጫ ሱቅህን ከፈትክ። ያኔ ቅር አላለኝም፣ ሁለታችሁም ደስ ብሏችኋል ብዬ ነበር።

አበባው ጠመንጃውን በየሳምንቱ በዘይት ይወለውለው ነበር። መተኮስ ግን ተኩሶበት አያውቅም። አባባ የተዉለት ሁለት ጥይት ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ ጥይት ደግሞ እዚህ አገር ፈልገህም አታገኝም። ዝንጀሮውን እንኳ ያሳየዋል እንጂ አይተኩስበትም። አባባም እንደዚያው ነበሩ። ሲተኩሱ አይተሃቸው ታውቃለህ? እኔ አላየሁም።

አምና በነሐሴ ወልድያ ተያዘች በተባለ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች በየደጁ እየዞሩ መሣሪያ ያለው ይውጣ፣ የሌለው ስንቅ ያቀብል አሉ። ከጎረቤት ሀይሉ ክላሹን ይዞ ወጣ። ከእኛ ቤት ጠመንጃው ያለው አበባው ነውና አበባው ወጣ። ድርሻው ቤቱ ቢሆን ኖሮ ዳቦ ቆሎ ተሸክሞ ከሴቶቹ ጋር በዋለ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ለአንተ ደውሎልህ ነበር። ምን እንዳልከው እኔና እምዬ እየሰማን ደግሞ ነገረን። «በርታ፣ የአባትህን ጠመንጃ እንዳታዋርድ» ብለኸዋል። ይህን ቃል እየደጋገመ ነው ከደጃችን የወጣው።

ከውርጌሳ በላይ ካለው ጋራ ላይ ወደቀ። ሬሳውን በአህያ አመጣነው። አገሩ ወልድያን በያዙት ሰዎች እጅ ስለነበር ሰው መሰብሰብ የለም፣ ጮክ ብሎ ማልቀስ የለም፤ ቄሱና ጥቂት ሴቶች ሆነን ነጠላ አፋችን ላይ አድርገን ቀበርነው። ጠመንጃውን ሀይሉ ይዞልን መጣ። እምዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ «ልጄ ተኩሷል ወይ?» አለችው። ሀይሉ መሬት መሬት እያየ «ተኩሷል እማማ፣ ሁለቱንም ተኩሷል» አላት። እምዬ እስከ ዛሬ የምትኖረው ይህን ይዛ ነው። ለሚያጽናናት ሁሉ «ልጄ እጁን አጣጥፎ አልሞተም» ትላለች። ያን ስትል ቀና ትላለች፣ ሌላ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው።

ጠመንጃውን ማንም እንዳይነካካው ስላለች እንደመጣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከፍጉ ቁልል ሥር ቀበርኩት። ፈታሾቹ ጎተራውን ሲገለብጡ እኔ ፍጉ ላይ ቆሜ ለዶሮዎቹ እህል እበትን ነበር። ቢያገኙት ምን ያደርጉኝ እንደነበር አንተ በቴሌቪዥን ታይ ስለነበር አልነግርህም። ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ መንገድ ተዘግቷል አልክ። እውነትህን ነው፣ ተዘግቶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ከተከፈተ ግን ይኸው ስንት ወር ሆነው፤ አውቶቡስ በደጃችን ያልፋል፣ አንተ ግን አንድም ቀን አልወረድክበትም።

ያም ሆኖ ያዘዝከኝን ላደርግ ተነሣሁ። ለእምዬ ስለ ሆቴሉ ትንፍሽ አላልኩም፤ ዝገት እንዳይበላው ለባለሙያ ላሳየው አልኳትና ፈቀደች። በሸንኮራ እስር መሐል ሸጉጬ ሚኒባሱ ላይ አስጫንኩት። ሲሪንቃን አልፈን ኬላ ላይ ፍተሻ ሆነ። አንዱ ሚሊሻ ሸንኮራውን እየነካካ «እህቴ፣ አንድ አገዳ አታቀምሽንም?» አለኝ። ከዳር ሁለት መዝዤ ሰጠሁት፣ መርቆኝ አሳለፈኝ። ይኸም ለአንተ ሲባል የሆነ ነው።

ወልድያ ገበያው ጀርባ የውሃ ፓምፕና የስፌት መኪና የሚጠግነውን አቶ መሓሪን ታውቀዋለህ፤ ቀደም ሲል የጠመንጃም ጠጋኝ ነበር። ትውልዱ ትግራይ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ ሸሽቶት ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። እስሩን ስፈታው ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ፣ በዚህ ቀን እኔ ቤት ጠመንጃ ይዘሽ ትገቢያለሽ? ልታስበዪኝ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በራሴ ንዴት ታውሬ የእሱን ነገር አላሰብኩትም። ልመለስ ስል ሚስቱ ትብለፅ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ጥቁር ለብሳለች። ማን እንደሞተባት አልጠየቅኋትም፣ እሷም የእኔን ጥቁር አይታ አልጠየቀችኝም።

የአባባን ስም ስነግረው ጠመንጃውን አወቀው። ከመገጣጠሚያው አጥፎ ከፈተው። ሁለቱም ጥይት ውስጡ አሉ። አንድ በአንድ አወጣቸውና በስተኋላ ያለውን መዳባቸውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ። አልተመቱም አለኝ። መዶሻዎቹ ወርደዋል፣ ቃታው ሁለት ጊዜ ተስቧል፣ ነገር ግን ጥይቱን የሚመታው መርፌ የለም፤ የሁለቱም መርፌ ተሰብሯል፣ የተሰበረውም ዛሬ አይደለም አለኝ።

«ያኔም ነግሬያቸው ነበር እኮ» አለኝ ቀጥሎ። አባባ ድሮ ይዘውት መጥተው ኖሯል። መርፌው እዚህ አይገኝም ብሎ ሲመልሳቸው አፍረው ለማንም እንዳትናገርብኝ አሉት። አብሯቸው አንድ ልጅ እንደነበረ፣ የተሰበረውን መርፌ መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያገላብጥ እንደቆየ ያስታውሳል። «የሞተው እሱ ነዋ? ነፍሱን ይማረው፣ ነገር የሚገባው ልጅ ነበር» አለኝ። ዘመኑን ስቆጥረው አበባው ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለም ነበር። አላረምኩትም።

አደራህን አልበላሁም፣ ዋጋውን ጠየቅሁት። ሰደፉ ጥሩ እንጨት ነው፣ ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አልጠፋም፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው ብዙ ያወጣል፤ ለሚተኩስ ሰው ግን ምንም አያወጣም ብሎኛል። ይኸው የጠየቅኸኝ መልስ።

አሁን የእኔን ስማ። ጠመንጃው አይሸጥም። ሽማግሌ ብትልክ፣ አንተ ራስህ እግሬ ላይ ብትወድቅ አይሸጥም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ አንተን ባሰብኩ ቁጥር እህል አይዋጥልኝም፣ ይህንንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። እምዬ ከፍልሰታ በኋላ የአበባውን ሙት ዓመት ልታወጣ ነው። በቀብሩ አንዲት ጥይት ስላልተተኮሰለት በራሱ ጠመንጃ ይተኮስለት ብላለች። የሚተኩሰውም ታላቅ ወንድሙ ነው ብላ ለሽማግሌዎቹ ነግራለች፤ ንብረት ያካፈሉን እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ጥይት ከየት ይመጣል ብላ ስትጨነቅ እኔ አለኝ አልኳት።

ስለዚህ ናዝሬት ቶርኖ ቤት ሞልቷል፣ ብረት የምታውቅ ሰው ነህ፣ ሁለቱን መርፌ አስቀርጽ። ቀደም ብለህ ተነሣና መርሳ ሳትወርድ በቀጥታ ወልድያ እለፍ። መሓሪ እየፈራም ቢሆን እሺ ስላለኝ ጠመንጃውን እሱው ዘንድ ደብቄ ትቼዋለሁ፤ በሩን ዘግቶ ይገጥምልሃል፣ ተስማምተናል። ለእምዬ ዘይት እየጠጣ ነው ብያታለሁ። በሙት ዓመቱ ቀን በሕዝብ ፊት ቃታውን ስብና ይጩህ። እምዬ በጆሮዋ ትስማው። ከእኔ አፍ ምንም አትሰማም፤ ይህን የማደርገው ግን ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ።

ስወጣ መሓሪ የመርፌውን ልክ በወረቀት ሥሎ ሊሰጠኝ ነበር። አያስፈልግም፣ የሚያሠራው ሰው በዓይኑ አይቶታል አልኩት።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናው፣ ልጆችህን በጤና ያሳድግልህ፣ የአበባውን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

የአንተና የአበባው እህት