የራሴን የሞት ማስታወቂያ ስለማሳተሜ

ለድምፃውያንና ለክሊፕ ዳይሬክተሮች ማኅበር
ለክቡር ሊቀመንበሩ
ቤይሩት

ኖቬምበር 9 ቀን 2004

ጉዳዩ፦ በሕይወት እያለሁ «ሟች» ተብሎ የተሰረዘው አባልነቴ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ሚልሔም ሳዐብ፣ በመድረክ ስሜ ሪኮ፣ የማኅበሩ አባል ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቴ የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ተቀብለው መዝገቡን ካገላበጡ በኋላ ቀና ብለው እኔን አዩና «ነፍስ ይማር» ስላሉኝ ነው። ያለ መታወቂያው ክሊፕ መቅረጽም ሆነ መድረክ መውጣት ስለማይቻል፣ በአሁኑ ሰዓት እየበላሁ የምኖር ሥራ አጥ ሟች ነኝ።

1. በዘፋኝነት የታወቅኩት በአንድ ዘፈን ነው። እሱም የተወደደው በክሊፑ ነበር፤ ክሊፑን የሠራሁት ራሴ በመሆኔ ዘፋኝም ዳይሬክተርም ነኝ ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ወዲህ ያወጣኋቸውን ዘፈኖች ሕዝቡ «ፈረሱ ባሕር ውስጥ የሚገባበት»፣ «ሴትዮዋ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣበት» እያለ ያስታውሳቸዋል እንጂ ዜማቸውን የሚያንጎራጉር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ድምፄን በተመለከተ የስቱዲዮ ወንድሞቼ ብዙ ደክመውበታል፤ እግዜር ይስጣቸው። መድረክ ላይ ግን ከንፈርን ከተቀዳ ዘፈን ጋር በማስማማት የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም።

2. የመጨረሻው ክሊፔ በፍቅር ስለሞተ ዘፋኝ ነበር። ሟቹን ለሌላ ተዋናይ መስጠት አሳሳኝና ራሴ ሆንኩ። ቀረጻው በተወለድኩበት መንደር በክፋር ሹሕ ነው። እዚያ ሰው ሲሞት የሞት ማስታወቂያ ወረቀት ታትሞ በየግድግዳውና በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል፤ የሟቹ ስም፣ የሐዘንተኞቹ ስም፣ ለቅሶ የሚደረስበት አዳራሽ። እኔ ደግሞ ነገሩ እውነት ካልመሰለ እንቅልፍ አይወስደኝም። የመንደሩ ሟቾች ሁሉ በሚታተሙበት ማተሚያ ቤት የእኔንም አሳተምኩ። በመድረክ ስሙ የሚሞት የለም ብዬ እውነተኛ ስሜን አስገባሁ፤ በሐዘንተኛነት የአባቴን ስም፣ ለለቅሶውም የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ። ረዳቶቼ ዋናውን መንገድ ለጥፈው ሲጨርሱ ፀሐይ ጠለቀች። ቀረጻው ለነገ ይደር፣ ወረቀቱም እንዳይቀደድ እዚያው ይቆይ አልኩ። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ፣ የሬሳ ሳጥኑን ትዕይንት አስቀድመን እንጨርስ ብዬ ለአባቴ ምንም ሳልነግር ቡድኔን ይዤ ስልክ ወደማይሠራበት ሸለቆ ወረድኩ።

3. የመንደራችን ሰው ወረቀት የተለጠፈለትን «እውነት ሞቷል ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ ጥቁር ለብሶ ይሄዳል። አባቴ፣ በእኔ ስም አቡ ሚልሔም (የሚልሔም አባት) የሚባለው፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ወረቀቱን ያየው ጠዋት ዳቦ ቤቱን ሊከፍት ሲል በሩ አጠገብ ነው። ደወለልኝ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በሕይወት ሳለሁ አንዲት ዘለላ አበባ ልኮልኝ የማያውቀው ማኅበራችንም በዚያው ቀን ከቁመቴ የሚበልጥ የአበባ ጉንጉን ላከ፤ በዚያው ቀንም ስሜን ሰረዘ። ለቅልጥፍናው ያለኝን አድናቆት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

4. ከሸለቆው ስወጣ የመኪናውን ብዛት አይቼ ነገሩ ገባኝ። የሬሳ ቀለም ፊቴ ላይ እንዳለ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። በጓሮ በር ገብቼ መጋረጃው ጋ ስደርስ ግን ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። ከንቱ ሰው ነኝና፣ ትንሽ ሙገሳ ሰምቼ እገባለሁ ብዬ ቆምኩ። ፈረሱን አነሱ፣ ሴትዮዋን አነሱ፤ ዘፈን ያነሳ አልነበረም። በመጨረሻ የሥራ ባላንጣዬ ጋሳን ዲብ፣ እሱ እንኳ ድምፅ አለው፣ አባቴን ሊያጽናና ብሎ «አቡ ሚልሔም፣ የእሱ ድምፅ እኮ ለብቻው ነበር» አለ።

«ተወኝ ልጄ፣ አትዋሽልኝ» አለ አባቴ። «ሚልሔም ዘፈን አይችልም ነበር። ከእንግዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ዜማ የሚያበላሽብኝ ማን ነው?»

ይህን ብሎ አለቀሰ። እውነት ነው፤ መንደር ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ዳቦ ቤት ገብቼ እዘፍናለሁ፤ ሁልጊዜም «ኧረ ዝም በል» ነበር የሚለኝ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ስለተነሳው ጩኸትና ከወንበራቸው ስለወደቁት አሮጊቶች መዘርዘር የክቡርነትዎን ጊዜ መሻማት ይሆናል። አባቴ ብቻ አልጮኸም። ጉንጬን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገና ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር እያየ ቆየ። ከዚያ «ሂድ ፊትህን ታጠብ» አለኝ።

ጸሐፊዎ እንዳስረዱኝ የተሰረዘ ድምፃዊ የሚመለሰው ሌላ ድምፃዊ ሲመሰክርለትና የድምፅ ፈተና እንደ አዲስ ሲያልፍ ነው። ለምስክርነቱ ጋሳን ዲብ ዘንድ ሄጄ ነበር። «በሕይወት መኖርህን እፈርማለሁ፤ ድምፃዊ መሆንህን ግን አታስፈርመኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ፈተናውን በተመለከተ፣ ፈታኞቹ ጆሮ እንዳላቸው ሰምቻለሁ።

ስለሆነም ሞቴ ተሰርዞ በዳይሬክተርነት ብቻ እንድመዘገብና የጀመርኩትን ክሊፕ እንድጨርስ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሪኮ የተባለውን ድምፃዊ በተመለከተ ስረዛው ቢጸና አልቃወምም። ለቅሶው ተደርሶለታል፣ አበባውም መጥቶለታል፤ ሰውን ሁለት ጊዜ ማስቸገር አይገባም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያለ ድምፃዊነት ፈቃድ ሰው በተሰበሰበበት መዝፈንን የሚከለክለው ደንባችን የአባቴን ዳቦ ቤት እንዳይመለከት ይታዘዝልኝ። ጠዋት ለዳቦ የተሰለፈው ሰው ይሰማኛል፤ አቤቱታ ሊቀርብብኝ እንደሚችልም አውቃለሁ። አባቴ ግን እኔ ካልዘፈንኩ ምድጃውን አልለኩስም ብሏል።

ከታላቅ አክብሮትና በሕይወት ካለ ሰው ሰላምታ ጋር፣

ሚልሔም ሳዐብ
የክሊፕ ዳይሬክተር፣ የቀድሞ ሟች
(ፊርማ)